ደጅ የሚያስጠናው ሰርቨር

ሰፈሩ «ጋሽ ፖስታ» የሚል ስም ካወጣለት ወዲህ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። ፖስታ ቤት ተቀጥሮ አያውቅም፤ ፖስታ ሲያድልም ያየው የለም። ሙያው ሊፍት መጠገን ነው። ፎቅ ለፎቅ እየዞረ ገመድ ያጠብቃል፣ በር ያስተካክላል፣ በሁለት ፎቅ መሀል ተሰንቅረው «ኧረ የሰው ያለህ!» የሚሉትን ያወጣል። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ በዚህ የሚያማው የለም። የሚታማው ከሥራ ወጥቶ እቤቱ ሲገባ በሚሠራው ነው።

የቤቱ የፊተኛ ክፍል የሚስቱ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት የሚያሳልፍ ጠባብ ኮሪደር አለ። እዚያ ኮሪደር ውስጥ፣ ከጫማ መደርደሪያው አናት ላይ፣ ጎኑ ተከፍቶ አንጀቱ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ሲያጉረመርም ይውላል፣ ሲያጉረመርም ያድራል። አቧራ እንዳይገባበት ከስፌት የተረፈ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ፖስታ ቤቱ እንግዲህ ይህ ነው። ጋሽ ፖስታ «ሰርቨሩ» ይለዋል፤ ሚስቱ «ያንተ ጉድ» ትለዋለች። ሌላው ሰው ኢሜይሉን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ በነፃ ሲያስቀምጥ፣ የዚህ ቤት ኢሜይል ግን ከየትም ተነሥቶ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ከጫማው በላይ ዐረፍ ብሎ ነው የሚነበበው። ቢያንስ ሐሳቡ ይህ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በኩርፊያ ነው። ጋሽ ፖስታም በጊዜው እንደ ሰው ነፃ ኢሜይል ነበረው። አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ጠፋበትና ኩባንያው «አንተ፣ አንተ መሆንህን በምን እናውቃለን?» ብሎ ጥያቄ ይደረድርበት ጀመር። የመጀመሪያ አስተማሪህ ማን ይባላል? መለሰ። ተሳስተሃል ተባለ። እንደገና መለሰ። እንደገና ተሳስተሃል ተባለ። በኩርኩም ፊደል ያስቆጠረውን ሰው ስም፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ማሽን «አታውቀውም» ሲለው የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ።

«የራሴን ደብዳቤ ሰው ደጃፍ ቆሜ፣ ለምኜ አላነብም!» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ያለው ነገር ትክክል ነበር። ጥፋቱ እዚያ ላይ አለማቆሙ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ሊጥለው ያወጣውን ኮምፒውተር በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሚስቱ ሳጥኑን ስታይ አዲስ የስፌት ማሽን መስሏት ፊቷ በርቶ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«የራሳችን ፖስታ ቤት።»

«ማን ነው የሚጽፍልን?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ሚስቱ ትዕግሥተኛ ናት። የተዋወቁትም በትዕግሥቷ ነው። ልጃገረድ ሳለች አንድ ፎቅ ላይ ስፌት ትማር ነበር፤ ታዲያ አንድ ቀን ሊፍቱ መሀል ላይ ቀጥ አለባት። ጠጋኙ መጣና ከበሩ ውጭ ቆሞ ሊፍቱ ለምን እንደቆመ፣ የትኛው መቆጣጠሪያ ምን እንዳዘዘ፣ መቆሙስ ለምን ለሷው ደኅንነት እንደሆነ አንድ በአንድ ያስረዳት ጀመር። እሷ ደግሞ በጨለማው ውስጥ ሆና ያ የተረጋጋ ድምፅ ልቧን ወሰደው። ሰውዬው ማስረዳቱን እስኪጨርስ እንዳላወጣት ያስተዋለችው ከተጋቡ በኋላ ነው።

የኮምፒውተሩ ነገር ወራት ፈጀ። ፕሮግራም ጫነ፣ አራገፈ፣ መልሶ ጫነ። ሊፍት ሲሆን በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለየው ሰው፣ እዚህ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው እየተከፈተበት ላቡ ጠብ እስኪል ለፋ። አድራሻው የማይቀያየር መስመር ለማስፈቀድም ኢንተርኔት አቅራቢው ቢሮ ተመላለሰ።

«ለየትኛው ድርጅት ነው?» አለችው መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ።

«ለቤቴ።»

«ቤትዎ ምን ይሠራል?»

«ሰው ይኖርበታል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና «መኖሪያ ቤት» ብላ መዘገበች። ጣጣውን ያመጣው ይህ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከመኖሪያ ቤት መስመር የሚመጣ ኢሜይል ሲያዩ ላኪው አጭበርባሪ ነው ይላሉ። የመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞት ቆሻሻ ሲረጭ እንጂ ጨዋ ደብዳቤ ሲልክ የት አይተው! ስለዚህ ጋሽ ፖስታ ስንት ወር አምጦ የወለደው ኢሜይል በሄደበት ሁሉ በቀጥታ ቆሻሻ ማኅደር ውስጥ ይጣል ጀመር። እሱም መላ ዘየደ። ኢሜይል በላከ ቁጥር ስልክ ይደውላል።

የሚስቱ ወንድም ጎማ ነጋዴ ነው። ደንበኛ እያስተናገደ ሳለ ስልኩ ይጮኻል።

«ኢሜይል ልኬልሃለሁ። ቆሻሻው ውስጥ ግባና ፈልገው። ስታገኘው ‹ቆሻሻ አይደለም› የሚለውን ንካልኝ።»

«እሺ ጋሼ። ምን ይላል ደብዳቤው?»

«እሁድ ለምሳ እኛ ጋ ና ይላል።»

«ታዲያ አሁን ነገርከኝ አይደል?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አንተ ብቻ ቆሻሻ አይደለም በልልኝ!»

ጎማ ነጋዴው ለዝምድና ሲል ስንት ጊዜ ቆሻሻ አይደለም ብሎ መሰከረለት። በኋላ ሰለቸውና ስልኩን አንሥቶ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ «ምሳ ከሆነ እመጣለሁ» ብሎ መዝጋት ጀመረ። «ጋሽ ፖስታ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው፤ ሰፈሩ ከአፉ ነጠቀው።

መብራቱ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ስፌት ቤት ያለ ካውያ አይሆንም። ካውያው፣ ማሽኖቹና ሰርቨሩ ባንድ ላይ ሲሠሩ ግን ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። ጋሽ ፖስታ የፈረደው በካውያው ላይ ነው። «ደብዳቤ እየገባ ካውያ አይሰካም» የሚል ሕግ አወጣ። ደብዳቤ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ስለሌለ ካውያ መሰካት በልመና ሆነ። ይባስ ብሎ ለሰርቨሩ የራሱ ባትሪ ገዛለት። መብራት ሲጠፋ ሚስቱ መስኮት ሥር ተጠግታ በዓይኗ እየታገለች ትሰፋለች፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ጉድ ግን አረንጓዴ ዓይኑን አብርቶ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ አምፖል እንኳ ልሰካበት ብላ ብትጠይቀው «እሱ ለሰርቨሩ ነው» አላት። ይህን ያላት በክፋት አይደለም፤ ከልቡ አምኖበት ነው፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው።

መላክ አልሆንልህ ሲለው ክብሩን በመቀበል ሊያስመልስ ተነሣ። የሱን ደብዳቤ ከናቁበት እሱም የሚንቀው አያጣም። ሊፍት ላይ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ በሩ ግጥም ብሎ ካልተዘጋ ሊፍቱ አይነቃነቅም፤ ውስጡ ያለው አለቃም ይሁን ተላላኪ። ጋሽ ፖስታ ይህን ሕግ አምጥቶ ኢሜይሉ ላይ ተከለው። አንድ ሰርቨር ለሌላው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙን ይናገራል። የተናገረው ስምና የመጣበት አድራሻ አልገጥም ሲል፣ አስተዋይ የሆነው ጠርጠር አድርጎ፣ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ያስገባዋል። የስንቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስሙ በቅጡ አልተጻፈም! ጋሽ ፖስታ ጠርጠር ማድረግ የሚባል ነገር አያውቅም። አልገጠመም? ከበር ይመለስ! ለተመለሰውም የሚላከውን መልስ በገዛ እጁ ጻፈው፦

«ማንነትህ አልተረጋገጠም። አጭበርባሪ ካልሆንክ መጀመሪያ ቤትህን አስተካክልና ተመለስ።»

ሲጽፈው የሚያወራው ከማሽን ጋር ነበር። ከማሽኑ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይኖራል፣ መልሱም ዞሮ ዞሮ ለዚያ ሰው ይደርሳል የሚለው ነገር ለአፍታ እንኳ በልቡ ውል አላለም።

ከዚያ ወዲህ የራት ጨዋታው ተለወጠ። «ዛሬ ስንቱን ከበር መለስኩት መሰለሽ!» ይላታል አፉን ሞልቶ።

«የሚገባስ አለ?»

«የሚገባው ንጹሕ ንጹሑ ነው።»

ንጹሕ የተባለውን ቀረብ ብሎ ላየው ይህ ነው፤ እሱ ራሱ ለራሱ የላከው የሙከራ ደብዳቤ፣ ሰርቨሩ ስለ ጤንነቱ ለጌታው የሚጽፈው ሪፖርት፣ እና የፀጉር ማሳደጊያ ቅባት ማስታወቂያ። የቅባቱ ሻጭ ስሙም አድራሻውም ግጥም ያለ ነበር። አጭበርባሪ ወረቀቱን አሟልቶ እንደሚዞር ማንም ኬላ ላይ የሠራ ሰው ሊነግረው ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስፌቱ ቀዝቅዟል። ተሰፍቶ የመጣ ልብስ በየሱቁ ደጃፍ እንደ አሸን ፈልቶ፣ ተለክቶ የሚያሰፋ ሰው እየጠፋ ሄደ። ሚስቱ ሁለት ሠራተኞች አሏት። አንዷ ስፌት ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ ከሷ ያልተለየች ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዘርፍ ትጨርሳለች። ሦስተኛው ማሽን ሥራ አጥቶ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ሁለቱንም ማሰናበት ግድ ነው። ይህን ሦስቱም ሴቶች ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አያነሡትም።

በዚህ መሀል አንድ ሆስፒታል ለሠራተኞቹ ጋውን ሊያሰፋ ጨረታ አወጣ። ሥራው ከተገኘ ሦስቱንም ማሽን ዓመቱን ሙሉ ያንቀሳቅሳል። ሚስቱ እንቅልፍ አጥታ ናሙናውን ሰፋች። ነርስ ጎንበስ ስትል እስክሪብቶዋ እንዳይወድቅባት ኪሱን ለሁለት ከፍላ፣ አፉን በትንሽ ክዳን ሸፈነችው። ቆራጯ ለብሳው ጎንበስ ቀና እያለች ሞከረችው፤ እስክሪብቶው አልወደቀም፤ ሦስቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

ቅጹ ላይ «የኢሜይል አድራሻ» የሚል ቦታ ነበረ። ወንድሟ ነፃ ኢሜይል ከፍቶላታል። እሱን ልትጽፍ ስትል ጋሽ ፖስታ ከኋላዋ ብቅ አለ።

«የማንን አድራሻ ነው የምትጽፊው?»

«የኔን ነዋ።»

«የራስሽ ቤት እያለ ሰው ቤት ተጠግተሽ ልትወዳደሪ ነው?»

«ኧረ ተው እንግዲህ። ይሄ የሰው ጉሮሮ ነው፤ ጨዋታ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ተጫወትኩ?» አለና አኮረፈ።

እሱ ሲያኮርፍ ቤቱ ይጠባል። በር ሲዘጋ ከልኩ በላይ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ሲበላ ድምፅ አያሰማም፣ ማንኪያውን እንኳ እንደ እንግዳ ነው የሚያስቀምጠው። ሚስቱ ጥቂት ታግሣ በመጨረሻ ቅጹ ላይ በሱ ሰርቨር የተከፈተላትን አድራሻ ጻፈች። ስለምትወደው ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ስለሰለቻት ነው ቢባልም ያስኬዳል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጠዋት ማሽን ሳትነካ «መጣ?» ትለዋለች።

«አልመጣም።»

«ደኅና አድርገህ አይተሃል?»

«ከመጣ ወዴት ይሄዳል? ቤቱ ይኸው!»

ቆራጯም በተራዋ ፈራ ተባ እያለች «ጋሼ፣ ከሆስፒታሉ ምንም የለም?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ትዕግሥት ነው ልጄ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ዝግ ይላል» ይላታል፤ ሆስፒታሉን በቅርብ የሚያውቀው አስመስሎ። እሁድ ለምሳ የመጣው ጎማ ነጋዴም «እታለም፣ ያ እኔ የከፈትኩልሽ ኢሜይል ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። እሷ አቀርቅራ ሰሐን ሰበሰበች። ጋሽ ፖስታ ግን ደረቱን ነፍቶ በዚያ ሳምንት ከበር የመለሳቸው ከመቼውም እንደሚበልጡ ተረከ። ብዛታቸውን ነው እንጂ ስማቸውን አይቶት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ማንንም ሳታማክር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ለጋሽ ፖስታ የዕረፍት ቀኑ ነበርና ኮሪደሩ ውስጥ ከሰርቨሩ አቧራ በብሩሽ እያራገፈ ነው። ስትመለስ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው። በሩን የከፈተችው በትከሻዋ ነው።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?»

«ለማን?»

«ለሆስፒታሉ!»

«እኔ ለሆስፒታል ጽፌ አላውቅም።»

«የግዢ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ትልቅ ሴትዮ ናት፤ መነጽሯን አድርጋ አነበበችልኝ። ‹አጭበርባሪ ካልሆንክ ቤትህን አስተካክል› ይላል፤ ከኔ አድራሻ ነው የሄደላት! ደጋግመው ጻፉልኝ፣ ደጋግመን ሰድበን መለስናቸው። አንደኛ ወጥተሽ ነበር አለችኝ። ሰማህ? አንደኛ! ኮሚቴው ኪሱን ወዶት ነበር፤ ስድቡን ሲያዩ ግን የምታሾፊባቸው መሰላቸው አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!»

ቆራጯ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ቁልፍ ተካይዋ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች።

ጋሽ ፖስታ ደነገጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ድንጋጤው ግን ብዙ አልቆየም፤ ግንባሩ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ቆይ፣ ቆይ… ስማቸውና አድራሻቸው አይገጥምም ማለት ነዋ! ይሄን የሚያክል ሆስፒታል፣ ስሙን በቅጡ መናገር የማይችል ሰርቨር ይዞ…»

«ሰውዬ!»

«ጥፋቱኮ የነሱ ነው የኔ እናት።»

«ስለ ጥፋት አላወራሁህም፤ ስማኝ። ለምኜ፣ ተለማምጬ አንድ ዕድል ሰጥታኛለች። ዛሬ መልሳ ትልክልኛለች፤ ውሉም አብሮት አለ። ነገ ከሰዓት ኮሚቴው ሳይሰበሰብ፣ ከዚያው ከተመዘገበው አድራሻ ተቀብያለሁ ብዬ መመለስ አለብኝ። እዚሁ ስጪኝና ልፈርም ብላት ደንቡ አይፈቅድም፣ ኦዲተር አለብኝ አለች። ካልመለስኩ ሥራው ለሁለተኛው ይሄዳል። አሁን ያን በር ክፈትላቸው። ለነሱ ብቻ። ይከፈታል አይደል?»

ይከፈታል። የሆስፒታሉን ስም «ይለፍ» በሚል መስመር ላይ መጻፍ ነው፤ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጋሽ ፖስታ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ግድ የለሽም፣ አስተካክለዋለሁ» አላት።

አመነችው። ሌላ ምን ታደርግ? ቆራጯ ወዲያው ተነሥታ የሦስተኛውን ማሽን ጨርቅ ገፈፈችና ዘይት አጠጣችው። ቁልፍ ተካይዋ ነጭ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ትለይ ጀመር። ስፌት ቤቱ ብዙ ጊዜ ያልተሰማበት ወሬና ሳቅ ተሰማበት።

ጋሽ ፖስታ ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ ያን መስመር ከፈተው፤ ጣቱ ግን አልታዘዝ አለው። ሊፍት ላይ አንዲት አሳሳች ሽቦ አለች። እሷን ያገናኙ እንደሆነ ሊፍቱ በሩ ክፍት ሆኖም ይሄዳል። ሰነፍ ጠጋኝ ያገናኛትና ይሄዳል፤ በኋላ የሰው እግር ይቆረጣል። ጋሽ ፖስታ በዕድሜው ሙሉ ያችን ሽቦ ነክቶ አያውቅም፤ ለዚህ ስንት ፎቅ ሙሉ ሰው ሊያመሰግነው ይገባል። እዚህ ግን የሚቆረጥ እግር አልነበረም፤ የሚቆረጥ ጨርቅ ነበር እንጂ። ይህን መለየት ነው ያቃተው። ዛሬ ለሆስፒታል ከከፈትኩ ነገ ለሁሉም ልከፍት ነው አለ በልቡ፤ ደግሞስ በር ከመክፈት በሽተኛውን ማከም አይሻልም? አለና ራሱን አሳመነ። ስልኩን አንሥቶ የሆስፒታሉን ኮምፒውተር ክፍል አገናኙኝ አለ።

«ጌታዬ፣ ድንገተኛ ክፍል ማተሚያ ቆሞብኛል» አለው የኮምፒውተሩ ሠራተኛ፣ እየተጣደፈ።

«ትንሽ ነገር ነው። ሚስቴ የጋውን ጨረታችሁ ላይ ተወዳዳሪ ናት። ሰርቨራችሁ ስሙን ሲናገር ይዋሻል።»

«ይዋሻል?»

ሠራተኛው ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ። ጋሽ ፖስታም ቀረብ ብሎ፣ ወንበር ስቦ፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ ከሥሩ ጀምሮ አስረዳው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር የሚሰማው ሲፈልግ ኖሯል! ሚስቱ ሰርቨር ስትባል ሥራ ይመጣባታል፣ ጎማ ነጋዴው ስልክ ይዘጋል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ እያሉ ይጠፋሉ። ይህ ሰው ግን «እሺ… እሺ… ከዚያስ?» ይለዋል። እዚህ ጋ እንዲህ ብለህ ጻፍ፣ እዚያ ጋ ይህን አጥፋ እያለ መራው፤ ልቡ አበጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ! እስከ ዛሬ የነገረን ሰው አልነበረም» አለው ሠራተኛው በመጨረሻ። «አሁን ይሠራል ማለት ነው?»

«ለውጡ በየቦታው እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል። ቢዘገይ እስከ ነገ ማታ ነው።»

ይህን ከአፉ ያወጣው እሱ ነው፤ ጆሮው ግን አልሰማውም።

«ተስተካከለ?» አለችው ሚስቱ ብቅ ብላ።

«ተስተካክሏል!» አላት ፊቱ እየበራ። አልዋሸም። የተስተካከለው ግን የሷ በር ሳይሆን የሆስፒታሉ ቤት ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሴትዮዋ እንደ ቃሏ ውሉን ላከች። ሰርቨሩም እንደ ጌታው ቃል ሰድቦ መለሳት። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ «መጣ?» አለች። እየመጣ ነው አላት። ቆየት ብላ መልሳ ጠየቀች። «መንገድ ላይ ነው አልኩሽ እኮ፤ እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይሆንም» አላት፤ ያን ቀንም ደብዳቤውን ለማየት ሲል ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ነው የቀረው። ወደ ግዢ ኃላፊዋ ስልክ ብትመታ የሚያነሣ የለም። ምሳ ቀርቦ አልበላችም። ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ያንኑ አንድ ኪስ ትተረትራለች፣ መልሳ ትሰፋለች።

ከሰዓት በኋላ ከኮሪደሩ ጩኸት ተሰማ።

«መጣ! ኑ እዩ! መጣ!»

ደብዳቤ የሚያነብበትን ላፕቶፕ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ስፌት ቤቱ ውስጥ ገባ። ሦስቱም ሴቶች ብድግ አሉ። ቆራጯ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቁልፍ ተካይዋ የያዘችው ቁልፍ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እዩት እስቲ! ስሙ ገጥሟል፣ አድራሻው ገጥሟል፣ ማረጋገጫው ሁሉ ገጥሟል! ከዚህ የጠራ ደብዳቤ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም! አየሽ አይደል? ሕግ ሳይጣስ!»

«በሩን አልከፈትክላቸውም ነበር?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

«ለምን እከፍታለሁ? ቤታቸውን አስተካከሉና በክብር ገቡ!»

«ምን ይላል?»

«እ?»

«ደብዳቤው። ምን ይላል?»

ጋሽ ፖስታ አሁን ገና ነው ውስጡን ማየቱ። ጉሮሮውን ጠራረገና በዚያ በሞቀ ድምፁ ጀመረ።

«‹ለተከበሩ ተወዳዳሪ። ያስገቡት ናሙና አንደኛ የወጣ ቢሆንም፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መልስ ስላልደረሰን፣ ኮሚቴው ዛሬ ባደረገው ስብሰባ ሥራውን ለሁለተኛው…›» ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ።

«ጨርሰው» አለችው።

«‹…ለሁለተኛው ተወዳዳሪ የሰጠ መሆኑን እናሳውቃለን። ስለ ሰርቨራችን ላደረጉልን ትብብር የኮምፒውተር ክፍላችን ባለቤትዎን ከልብ ያመሰግናል።›»

ሚስቱ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ኪሱን ከማሽኑ ሥር አውጥታ ክሩን በጠሰችና አጣጥፋ አስቀመጠችው። ጋሽ ፖስታ ላፕቶፑን እንደታቀፈ ቆሟል፤ አንዴ ደብዳቤውን፣ አንዴ ሴቶቹን ያያል።

«ግን… ደርሷል እኮ» አለ።

ቆራጯ መቀሷን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት በእጇ አንጠልጥላ ቆየች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ነገ እንምጣ?» አለች።

ሚስቱ ቀና አላለችም።

«እሱን ጠይቂው። በዚህ ቤት የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው እሱ ነው።»

ቆራጯ ነገሩ ሽሙጥ አልመሰላትም። መቀሷን እንደያዘች ወደ ጋሽ ፖስታ ዞረችና መልሱን ቆማ ትጠብቅ ጀመር።